ረውዳ የመረጠችው ሕክምና

ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወርደው መንገድ ላይ ሁለት ሥጋ ቤቶች ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። በአንዱ በር ላይ ቀይ መስቀል ተስሏል፤ በሌላው ላይ አረንጓዴ ጨረቃና ኮከብ። መስቀሉ ያለበት የአቶ ተከስተ ነው፤ ጨረቃው ያለበት የአቶ መሐመድአሚን። አንዱ ከሌላው ሥጋ ቀምሶ አያውቅም፤ አንዱ የሌላውን ደጅ ሳይረግጥ የዋለበት ቀን ግን አልነበረም። ሁዳዴ ሲገባ አቶ ተከስተ ሱቃቸውን ይቆልፉና ወንበራቸውን አንጠልጥለው ይሻገራሉ። ጋዜጣቸውን ዘርግተው ለወዳጃቸውም ለወዳጃቸው ደንበኞችም ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። ረመዳን ሲሆንና የቀኑ ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተራው የአቶ መሐመድአሚን ነው። ለፋሲካና ለአረፋ ሲጠያየቁ በሁለቱም ቤት የሚቀርበው ያው ዳቦና ሚሪንዳ ነበር።

ረውዳ የአቶ መሐመድአሚን የመጀመሪያ ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሱቁ ጥግ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ከሥጋው ብልቶች ሻኛውን ከሳልባይ፣ ታላቁን ከታናሽ ለይታ ያወቀችው የማባዣ ሠንጠረዥ ሳታጠና ነው። ሰባት ዓመት ሲሆናት ለአረፋ በግ ሲታረድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ አየች። አባቷ ቢላውን ከኋላቸው ደብቀው ነበር ወደ በጉ የቀረቡት።

«ለምንድን ነው የምትደብቀው?» አለቻቸው።

«እንዳያየው። ሞቱን ሁለት ጊዜ ማየት የለበትም» አሏት።

ሁለተኛው በግ ከግንቡ ጀርባ ታስሮ ነበር፤ እሱም የጓደኛውን እንዳያይ። አቶ መሐመድአሚን ይህንን የተማሩት ስልጤ አገር ከአባታቸው ነው። ቢላ ሳይሳል ከብት ፊት መቆም በእሳቸው ቤት ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአትም ነበር።

ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ረውዳ ከሰፈሩ ሴቶች ልጆች ጋር ኡስታዛ አዚዛ ቤት ቁርአን ትቀራለች። ኡስታዛ አዚዛ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ለሃያ ምናምን ዓመት ያስተማሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያመልጠው ሴት ናቸው። አንድ ቀን ስለ ምግብ ሲያስተምሩ ሁለት ቃላት አስጠኗቸው። «ሐላል ማለት የተፈቀደ ነው። ጦይብ ማለት ደግሞ ንጹሕ፣ ጤናማ፣ ለሰው የሚስማማ። ሁለቱ አብረው ነው የታዘዙት» አሉ። ልጆቹ ቃላቱን በቃላቸው ይዘው ወጡ፤ ወደ ጨዋታቸውም ሮጡ።

በ1997 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ረውዳ ከትምህርት ቤቷ ሴቶች አንደኛ ሆና ተገኘች። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። አቶ ተከስተ መንገዱን ተሻግረው መጥተው ግንባሯን ሳሟትና «እንግዲህ ወገቤን የምታክሚኝ አንቺ ነሽ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዶክተር ይላት ጀመር።

የምርጫ ፎርሙን ልትሞላ ስትል ኡስታዛ አዚዛ አስጠሯት። ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው አስቀመጧትና ከዚያ በፊት ለተማሪ ነግረውት የማያውቁትን ነገር ነገሯት። ታናሽ እህታቸው ከብዙ ዓመት በፊት በምጥ ተይዛ ሆስፒታል ደርሳ ነበር። በሩ ላይ ወንድ ሐኪም ስታይ ግን አልገባም ብላ ተመለሰች። ቤቷ ሳትደርስ ሞተች።

«ዲኑ አልከለከላትም ነበር፤ ችግር ሲሆን ይፈቀዳል» አሉ ኡስታዛ። «ግን ሐፍረቷ በለጠባት። ፈርድ ኪፋያ የሚባለውን አስተምሬሻለሁ። የሁላችን ግዴታ ነው፤ አንዳንዶች ከተወጡት ከሌሎቻችን ላይ ይነሣል፤ ማንም ካልተወጣው ግን ሁላችንም እንጠየቅበታለን። ሴት ሐኪም እንዲኖረን ማድረግ እንደዚያ ነው። አላህ ጭንቅላቱን ሰጥቶሻል።»

ረውዳ የዚያኑ ቀን አንደኛ ምርጫዋ ላይ ሕክምና ብላ ጻፈች። ማንም አላስገደዳትም። የኡስታዛ ነገር እውነት ነበር፤ እሷም አምናበት ነው የጻፈችው።

የሕክምናው የመጀመሪያ ዓመት መጥፎ አልነበረም። ፈተናዋን ታልፋለች፣ ከአምስት ሰዓት በፊት አትተኛም፣ የሶላት ሰዓቷን ከትምህርቷ ጋር አስማምታ ትይዛለች። አንድ ነገር ብቻ ይገርማት ነበር። ጓደኞቿ ስለ ወደፊቱ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል፤ እሷ ግን የሌላ ሰው አደራ ተሸክማ እንደሚሄድ ሰው በጥንቃቄ ብቻ ነበር የምትራመደው። አደራውን አልጠላችውም። ግን የራሷ ሆኖ አልተሰማትም።

ክረምት ላይ ለእረፍት ቤቷ ሳለች አባቷ ዝናብ ያረጠበው የሱቁ ደጅ ላይ ተንሸራተው ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ወለቀ። ወጌሻው አሽቶ አሰረላቸውና ለሦስት ሳምንት ምንም እንዳይዙ አዘዛቸው። አቶ መሐመድአሚን ግን በሳምንት ሁለቴ ከሰዓት በኋላ ቄራ ሄደው፣ የገዟቸውን ከብቶች ለሐኪም አሳይተው፣ ለሙስሊሙ የእርድ ክፍል ማስረከብ ነበረባቸው። የረውዳ እናት «ብቻውን አይሄድም፤ ነጠላ እጁን ይዞ በከብት መሀል ይገፋል» ብላ ልጅቱን አብራቸው እንድትሄድ ላከቻት።

በረቱ በጭቃ ተላቁጧል። ረውዳ የእናቷን ላስቲክ ጫማ አድርጋ ከአጥሩ ብረት ጋር ተጠግታ ቆመች። ዕለቱን ተረኛ የነበሩት ዶክተር መገርሳ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቦት ጫማቸው ጉልበታቸው ድረስ የሚደርስ ሐኪም ናቸው። በከብቶቹ መካከል ቀስ ብለው እየሄዱ የአንዱን ዓይን፣ የሌላውን እግር ያያሉ፤ ብዙ አይናገሩም።

«አባ፣ ያ ዳለቻው በሬ አያመሰኳም» አለች ረውዳ። «ሌሎቹ ሁሉ ያመሰኳሉ። እሱ ከመጣን ጀምሮ አንዴም አላመሰኳም።»

ዳለቻው የአባቷ በሬ ነበር።

«ከሩቅ ነው የመጣው፤ ደክሞት ነው» አሉ አቶ መሐመድአሚን።

ዶክተር መገርሳ ግን ሰምተዋል። ተመልሰው መጥተው የበሬውን አፍንጫ በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ከዚያ የሙቀት መለኪያቸውን አውጥተው ለኩት። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አዩ። «ይሄ ትኩሳት አለው። ዛሬ አይታረድም፤ ለብቻው ይታሰር» አሉ። አቶ መሐመድአሚን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪሙ ወደ ረውዳ ዞሩ።

«ተማሪ ነሽ?»

«አዎ። ሕክምና አንደኛ ዓመት ጨርሻለሁ።»

«የሰው?»

«የሰው።»

«ጥሩ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው በማያስታውቅ ድምፅ፣ «ሰው ያመመውን ይናገራል። ይሄ አይናገርም። በኋላ የሚናገረው የበላው ሰው ነው» ብለው ወደ ቀጣዩ ከብት አለፉ።

ረውዳ ተከተለቻቸው። ከብት ለምን አፍንጫው እንደሚዳሰስ፣ ከእርድ በኋላ ሥጋው የት የት ቦታ ተቆርጦ እንደሚታይ፣ ማህተም ማን እንደሚመታ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እየሄዱ መለሱላት። በመጨረሻ «ከሐኪሞቹ መሀል ሙስሊም አለ?» አለቻቸው።

«አንድ ነበረ፤ ወደ አገሩ ተዛወረ። ሴት ደግሞ አሁን የለችም» አሏት።

በመልሱ መንገድ አባትና ልጅ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መስቀል አደባባይን አልፈው ኡራኤል ወርደው በእግራቸው ዳገቱን ሲጀምሩ ረውዳ ያቺ የልጅነት ቂርአት ትዝ አለቻት። ሐላል፣ ጦይብ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት የመጀመሪያውን ቃል ነው። ሁለተኛውን የሚጠብቀው ዛሬ ያየችው ሽማግሌ ሰው ነበር። ይህ ነገር ልቧ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ።

ለማንም ሳትናገር ኢስቲኻራ መስገድ ጀመረች፤ ሰው ሁለት መንገድ ሲገጥመው የሚበጀውን እንዲያሳየው ፈጣሪውን የሚለምንበትን ሶላት። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰገደች። ህልም ጠበቀች፤ ምንም አላየችም። ጉዳዩን ሳትገልጽ ኡስታዛ አዚዛን ብትጠይቃቸው፣ «ህልም አትጠብቂ። ልብሽ ወዴት እንደሚረጋ ተመልከቺ፤ መንገዱ ይከፈት አይከፈት እዪ» አሏት። ልቧ የት እንደረጋ እሷ ታውቀዋለች። ያስጨነቃት እሱን አፍ አውጥቶ መናገሩ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት አባቷ ዘንድ ሄደች። እጃቸው ድኖ ነበር፤ ቢላቸውን ይስሉ ነበር።

«አባ፣ ትምህርቴን ልቀይር ነው። የእንስሳት ሕክምና ልማር፤ ደብረ ዘይት።»

መሳያው ቆመ። «ወድቀሻል?»

«አልወደቅኩም። ውጤቴን ላሳይህ እችላለሁ።»

«አሳዪኝ አላልኩሽም።» ቢላውን አስቀመጡት። «ሰው ግን ወደቀች ነው የሚለው። የሰው ሐኪም ትሆናለች ያሏት ልጅ የከብት ሐኪም ሆነች ይላሉ።»

«አውቃለሁ።»

አቶ መሐመድአሚን ቢላውን በጨርቅ ጠረጉት። ከመንገዱ ማዶ አቶ ተከስተ በራቸውን ሲከፍቱ ይሰማ ነበር።

«ያ በሬ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ነስቶኛል» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ባታዪው ኖሮ፣ ዶክተሩም ቢያልፈው ኖሮ፣ ቢስሚላህ ተብሎ ይታረድ ነበር። እኔም ሐላል ነው ብዬ ለሰው አበላው ነበር። አላህ በዚያ ይጠይቀኝ ነበር ወይስ አይጠይቀኝም? አላውቅም። እኔ ቢላውን ነው የማውቀው። ሂጂ፣ ሌላውን አንቺ እወቂልኝ።»

ከኡስታዛ አዚዛ ጋር የነበረው ንግግር ግን እንዲህ አልቀለለም። ረውዳ ያሰበችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ሐላልና ጦይብን ያስተማሯት እሳቸው እንደሆኑም አስታወሰቻቸው። ኡስታዛ እስክትጨርስ አዳመጧት።

«ይሄም እኮ ፈርድ ኪፋያ ነው ኡስታዛ» አለች።

«ነው። አልካድኩሽም። ከብት የሚመረምር ወንድ ግን ሞልቷል፤ በሬ ደግሞ ወንድ አየኝ ብሎ አያፍርም። እኔ የምፈልገው ሴት ልጅ ስታምጥ በሩ ላይ የምትቆምላትን ነው።»

«ልቤ እዚያ አልረጋም» ብቻ አለች ረውዳ።

«ልብሽን ተመልከቺ ያልኩሽ እኔው ነኝ» አሉ ኡስታዛ። አልተቆጡም። እንደ ወትሮው ግን በር ድረስ አልሸኟትም።

ዝውውሩ ደብዳቤና ደጅ ጥናት ጠየቀ። የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ማመልከቻዋን ሁለቴ አነበበና «ከሰው ወደ ከብት? ተገላብጦብሽ እንዳይሆን እኅቴ» አላት። እሷም አልተገላበጠብኝም አለችው። ሰፈር ውስጥ የተባለው አባቷ እንዳሉት ነው፤ ወደቀች ተባለ። ዶክተር ሲሏት የነበሩት ሰዎች ረውዳ ወደ ማለቱ ተመለሱ። አቶ ተከስተ ብቻ ለጠየቃቸው ሁሉ «ወዳ ነው፣ አልወደቀችም» እያሉ ሲያስረዱ ከረሙ።

ደብረ ዘይት በክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ መድኃኒት ትባላለች። እናትና አባቷ ከሰሜን መጥተው አዲስ አበባ ወልደው የከበዱ፣ በቤታቸው ትግርኛም አማርኛም የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ አንድ የመኝታ ክፍል ደረሳቸው። መድኃኒት ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ረውዳ ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች። አሳማ የሚከፈትበት የላብራቶሪ ቀን ሲደርስ ሁለቱም እኩል ፊታቸውን አጨፈገጉ። መምህሩ አይተው፣ «ለመብላት አይደለም፤ ለማወቅ ነው» ሲሉ ሁለቱም ጓንታቸውን አጥልቀው ቀረቡ።

ለረውዳ ከአሳማውም ይልቅ የከበዳት ውሻ ነበር። ባደገችበት ሥርዓት የውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። የውሻ ክሊኒክ ተራዋ ሲደርስ ከግቢው አትክልት ቦታ ጥሩ አፈር ዘግና በወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠች። ከጥቂት ቀን በኋላ ቆርቆሮው ከአልጋዋ ሥር ጠፋ። ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው መድኃኒት ጸበሏን በምታኖርበት መደርደሪያ ላይ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነው።

«መሬት ላይ ሲቀመጥ ደስ አላለኝም» አለች መድኃኒት። «ማለቴ፣ የእናንተም ቢሆን እምነት እኮ ነው፤ ይከበራል።»

ረውዳ በመጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ግን የመድኃኒት እናት ከገዳም እያመጡ የሚሰጧትን፣ ሰው ሲታመም ግንባሩን የሚቀባውን የተባረከ አፈር አስታወሰች፤ እነሱም እምነት ነው የሚሉት።

«መድዬ፣ ይሄ እጄን የምታጠብበት ነው። ውሻ ሲነካኝ። አፈር ነው።»

«በቃ፣ ዝም ብሎ አፈር?»

«ከጎመኑ ሥር የዘገንኩት።»

መድኃኒት አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ ትናንት ራሴን ሲያመኝ ግንባሬን ተቀብቼዋለሁ።»

«ተሻለሽ?»

መድኃኒት ትንሽ አሰበችና «ተሻለኝ» አለች። ሁለቱም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከጎረቤት ክፍል ግድግዳ እስኪደበደብ ሳቁ። ቆርቆሮው ከጨርቁ ሳይወጣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ዓመቱን ጨረሰ።

ረውዳ በ2004 ዓ.ም. ተመረቀች። ሁለት ዓመት ገደማ በስልጤ ወረዳዎች ከብት ስትከትብና የገበሬ ላም ስታዋልድ ቆይታ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች፤ ቄራም በሥጋ መርማሪነት ተቀጠረች። ዶክተር መገርሳ ጡረታ ወጥተው ነበር። ሥራው የሙስሊምና የክርስቲያን ብሎ አይለይም፤ መርማሪ በተራው በሁለቱም የእርድ ክፍል ይገባል። ረውዳ የማትበላውን ሥጋ መመርመር ከባድ ይሆንብኛል ብላ ሠግታ ነበር። አልከበዳትም። ጦይብ የሚለው ቃል ለሁሉም ሰው ሆድ አንድ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ማህተሟንም በአንድ ዓይን ትመታ ጀመር።

ፈተናው የመጣው በ2006 ፋሲካ ዋዜማ ነው። ቅዳም ሹር ጎሕ ሲቀድ፣ በክርስቲያኑ ክፍል ተራዋ ላይ፣ አንድ ግዙፍ ሰንጋ ደረሳት። የመንጋጋውን ሥጋ ስትቆርጠው የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ውኃ የቋጠሩ ነጫጭ ነገሮች አየች። ምላሱን ቆረጠች፤ አለበት። ልቡን፣ የወርቹን ሥጋ፤ በሁሉም አለበት። የኮሶ ትል ልጆች ናቸው፤ ጥሬ የበላው ሰው ሆድ ውስጥ ገብተው ነው የሚያድጉት። ጥቂት ቢሆን በረዶ ቤት ከርሞ ያልፍ ነበር። ይህ ግን ማለፊያ አልነበረውም። የባለቤቱን ስም ለማወቅ ወረቀቱን ገለጠች፤ ተከስተ ይላል።

ለሥራ ባልደረባዋ ትታው ልትሄድ ትችል ነበር፤ ተራውን ጨርሶ እጁን የታጠበ ሌላ ሐኪም በቅርብ ነበር። ግን እሱም ያንኑ እንደሚወስን ታውቃለች፤ ልዩነቱ እሷ የምትሸሽ መሆኗ ብቻ ነው። ሰንጋው እንዲወገድ ጽፋ ፈረመች።

አቶ ተከስተ ሥጋቸውን ለመረከብ ሲመጡ አብሯቸው ወዳጆ የሚባል ሌላ ሥጋ ሻጭ ነበረ። ነገሩን ሲሰማ ወዳጆ ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። «ፋሲካ ሊውል ሂጃብ የለበሰች ሴት የክርስቲያን በሬ ትጥላለች። ይሄ ምን ይባላል?»

አቶ ተከስተ ወደ ረውዳ ዞሩ። «ረውዲ፣ የት ላይ ነው ያየሽው? አሳዪኝ» አሏት።

ወደ ሰንጋው ወሰደቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ሥጋውን በቢላ ስትከፍትላቸው ጎንበስ ብለው አዩ። ሌላ ቦታ እንድትከፍት በጣታቸው አሳዩዋት፤ ከፈተችላቸው። እንደገና ሌላ ቦታ አሳዩዋት። በዚያም አለ። ስድሳ ዓመት ጥሬ ሥጋ የበሉና ያበሉ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ቀስ ብሎ ሲለወጥ ታያለች።

«ይሄንን ነበር ለሰው ልቆርጥ የነበረው» አሉ። ከዚያ ወደ ወዳጆ ዞሩ። «ይቺ ልጅ የአባቷንም በሬ አስጥላለች። ገና ተማሪ ሳለች።» ይህን ብለው መነጽራቸውን አውልቀው ሄዱ። እሷን ግን አላዩዋትም።

የዚያን ዓመት የፋሲካ ዋዜማ የአቶ ተከስተ ሱቅ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው የተከፈተው። ስንት ዓመት የለመዱ ደንበኞች ባዶ ማንጠልጠያ አይተው ወደ ሌላ ሄዱ። ረውዳ ይህን ሁሉ ከአባቷ ሱቅ ሆና አየችው። በማግሥቱ ቤተሰቡ እንደ ልማዱ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ሲነሡ እሷ መሄድ ፈራች። አባቷ ጫማቸውን እያሰሩ፣ «ዛሬ ከቀረሽ ጥፋት የሠራሽ ነው የሚመስለው» አሏት። ሄደች።

ዳቦው ተቆረሰ፣ ሚሪንዳው ቀረበ። አቶ ተከስተ ብዙ አልተጫወቱም። ሌሎቹ ወሬ ሲይዙ ወንበራቸውን ወደ እሷ ጠጋ አደረጉ።

«አዝኜብሽ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ባንቺ አልነበረም ማዘን የነበረብኝ። ግን ሰው የሚያዝንበትን መርጦ አያዝንም።» ብርጭቆዋን አይተው ጨመሩላት። «ጠጪ።»

በዓመቱ ረውዳ እርጉዝ ነበረች። ባሏ ሁዘይፋ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ትውውቃቸውም ሠርጋቸውም የሆነው በወረዳ ሥራዋ ዘመን ነበር። ምጡ ሲመጣ ሴት ሐኪም ያለበት ቦታ ይዟት ሊሄድ ፈለገ፤ ምጡ ግን ጊዜ አልሰጣቸውም። በቅርቡ ባገኙት ሆስፒታል የዕለቱ ተረኛ ዶክተር ታዲዎስ የሚባል ወጣት ወንድ ነበር። ትሑት ነበር። ከመንካቱ በፊት ያስፈቅዳል፣ አንሶላውን ያስተካክልላታል፣ ሲናገር ፊቷን ብቻ ያያል። እንዲያም ሆኖ ረውዳ ያ ሐፍረት እንዴት እንደሚያቃጥል አወቀች። ስንት ላም በእጇ ያዋለደች ሴት ግድግዳው ላይ ዓይኗን ተክላ፣ አይታት የማታውቃትን የኡስታዛ አዚዛን እህት አሰበች። ጎሕ ሲቀድ ሴት ልጅ ወለደች።

በሳምንቱ ኡስታዛ አዚዛ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ሊጠይቋት መጡ። ሕፃኗን አቅፈው ጆሮዋ ላይ ዱዓ አደረጉላት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ማን አዋለደሽ?» አሏት።

«ወንድ ነበር።»

«ደኅና ሰው ነው?»

«ደኅና ሰው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ።» ሕፃኗን ወደ እናቷ መለሱ። «ያኔ ያልኩሽ ነገር አሁንም እንዳለ ነው።»

«አውቃለሁ ኡስታዛ። አሁን ነው በደንብ የገባኝ።»

«ትጸጸቻለሽ?»

ረውዳ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተካከለች። «በሥራዬ አልጸጸትም። ያቺ ሴት ሐኪም በሩ ላይ ባለመኖሯ ግን አዝናለሁ። እኔ አልሆንኩም፤ ሌላም ገና አልመጣችም።»

ኡስታዛ እጃቸውን እጇ ላይ አሳረፉ። ሲሄዱ ሁዘይፋ ሊሸኛቸው ቢነሣ «ተው፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አሉት። በሳምንቱም ተመልሰው መጡ፤ ከዚያ በኋላም ሳያቋርጡ ይመላለሱ ነበር።

በ2008 መጨረሻ ኡስታዛ አዚዛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቻቸውን ሰብስበው ረውዳን ጠሯት። ልጆቹ ፎርም ሊሞሉ ነው፤ ስምንት ናቸው። ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ረውዳ ምን እንደምትመክራቸው አስቀድማ አላዘጋጀችም። የሆነውን እንዳለ ነገረቻቸው፤ የበሬውንም፣ የሰንጋውንም፣ የወሊዱንም።

ሐሴት የምትባል፣ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ታዲያ አላህ የፈለገልኝን በምን አውቃለሁ?»

«እኔ ቁርጥ ያለ ምልክት አላየሁም» አለች ረውዳ። «ሶላቴን ሰገድኩ፣ ከዚያ ሥራውን ሄጄ አየሁት። ፎርሙ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። ሕግ ልማር ካልሽ ፍርድ ቤት ሄደሽ አንድ ቀን ተቀመጪ። መምህር ልሁን ካልሽ ክፍል ውስጥ ግቢ። ሰውየውን፣ ሽታውን፣ ድካሙን እዪው። ከዚያ ተመልሰሽ ስገጂ።»

«የማሕፀን ሐኪም የምትሆን ካለች ግን» አሉ ኡስታዛ ከጥግ ሆነው፣ «ዱዓዬ በየቀኑ ከእሷ ጋር ነው።» ልጆቹ ሳቁ። «የእኔም» አለች ረውዳ፤ ከልቧ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሣች። አሥር ሰዓት ላይ በረት ውስጥ መገኘት አለባት። ሐሴት እስከ ኡራኤል ታክሲ መያዣ አብራት ወረደች። መንገድ ላይ ሁለቴ ልትናገር ብላ ተወችው፤ ታክሲው መጥቶ ረዳቱ «ቄራ! ቄራ!» ሲል ነው ድፍረቱ የመጣላት።

«እትዬ ረውዳ፣ አንድ ቀን መጥቼ ባይ ያስገቡኛል?»

«እኔ አስፈቅድልሻለሁ። ማክሰኞ ነይ» አለቻት ረውዳ። «እናትሽን አስፈቅጂ። ላስቲክ ጫማም አትርሺ፤ ክረምት ነው፣ ጭቃ አለ።» ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ታክሲውም ወደ መስቀል አደባባይ ታጠፈ።